ፓምፑ አጠገብ የቆመችው ልጅ

ኤልዳናን ፓምፑ አጠገብ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ከሆላንድ የመጣው መልእክት "ቁመቱን መገመት እንድንችል ከፓምፑ ጎን ሰው አቁሙ" ይላል። የክፍሌ ልጅ ሩፋኤል ፎቶ አንሺያችን ስለሆነ ራሱን ሊያቆም አይችልም። እኔ ደግሞ ያን ቀን ቀሚሴ ላይ ዘይት ፈስሶብኝ ነበር፤ በዘይት ቀሚስ ሆላንድ መግባት አልፈለግሁም። ኤልዳና እንደ ወትሮዋ ከኋላዬ አለች። "ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ" አልኳት። ቆመች። "ሳቂ" አልኳት። ሳቀች፤ ግን ጥርሷ ወላልቆ ስለነበር አፏን በመዳፏ ሸፈነችው። ሩፋኤል አነሳት። እኔም ታብሌቱን ተቀብዬ አረንጓዴውን ነጥብ ተጫንኩ፤ ፓምፑ ውሃ ይሰጣል ማለት ነው።

2006 ዓ.ም. ነው፤ ጂንካ፣ ስድስተኛ ክፍል። የሳይንስ መምህራችን ኤርሳዶ የውሃ ካርታ ክበብ አቋቁመው ነበር። መምህር ኤርሳዶ ከከምባታ የመጡ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በለሆሳስ መናገር ሲጀምሩ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ሆላንድ ያለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ታብሌት ልኮልን ነበር። ከትምህርት በኋላ በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች እየዞርን የእጅ ፓምፕና ቦኖ እንፈልጋለን። ስናገኝ ታብሌቱ ያለንበትን ቦታ ከሰማይ ይጠይቃል፣ ሩፋኤል ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ውሃ ቀጂዎቹን አነጋግራለሁ። የሚሠራው አረንጓዴ፣ የተበላሸው ቀይ፣ በበጋ የሚደርቀው ቢጫ ነው። የሆላንድ ልጆች ሁሉንም ሰብስበው ትልቅ ካርታ ይሠራሉ፤ ካርታው ታትሞ ይመለስና በዞኑ ጤና ጣቢያዎች ይሰቀላል። ከዚያ በፊት የትኛው ፓምፕ እንደተበላሸ የሚያውቀው ባዶ ጀሪካን ይዞ የተመለሰ ሰው ብቻ ነበር።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በእኛ አገር ካሜራ የያዘ ሰው ቱሪስት ነው፤ ቱሪስት ደግሞ ፎቶ ካነሳ ይከፍላል። ካኮ ላይ አንድ የበና ሽማግሌ ፓምፑን ልናነሳ ስንል ፊት ለፊቱ ቀጥ ብለው ቆሙና "ፓምፑም የእኛ ነው፤ ለእሱም ክፈሉ" አሉን። ሩፋኤል ሁለቱን ኪሶቹን ወደ ውጭ ገልብጦ አሳያቸው። ሽማግሌው ሳቁና ከፓምፑ ጎን ቆመው በነፃ ፎቶ ተነሱልን። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ነጥብ ሲበራ ዞኑን በሙሉ የማስተዳድረው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ኤልዳና እህቴ ናት። እኔ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ እናቴ አንድ ማለዳ በነጠላ ጠቅልላ ይዛት መጣች። "የአክስትሽ ልጅ ናት፣ ከዱራሜ። እናቷ ሞታባታለች" አለችኝ። እኔ እህት ስፈልግ ነበር፣ እህት መጣች፤ ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። የግራ ቅንድቧን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ነበራት። አባቴ ግንበኛ ስለሆነ ሥራ ወዳለበት ሁሉ ይሄዳል፤ ቤት የምናየው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ አለምነሽ ግን ሁልጊዜ ቤት አለች። በራችን ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ መዝሙር እያንጎራጎረች የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መዝሙሩ ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

"እማዬ፣ ኤልዳና ሆላንድ ገባች" አልኳት ያን ቀን እየሮጥኩ ደርሼ።

"የት ገባች?"

"ሆላንድ። ፓምፑ አጠገብ ሩፋኤል ፎቶ አነሳት። ካርታው ላይ ትወጣለች፤ በየጤና ጣቢያው ትሰቀላለች።"

መዝሙሩ ቆመ። የስፌት መኪናውም ቆመ።

"በየትኛው ጤና ጣቢያ?"

"በሁሉም። ካኮ፣ ካንጋተን፣ ቱርሚ…"

ቱርሚ፣ የሐመሮቹን ከተማ፣ ስል እናቴ ተነሳች። ጭኗ ላይ የነበረው ሰማያዊ ጨርቅ መሬት ወደቀ፤ አላነሳችውም። ኤልዳናን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን በቁልፍ ዘጋች፣ እኔን ክንዴን ይዛ ወደ መምህር ኤርሳዶ ቤት መራመድ ጀመረች። በከተማው መሀል ያለውን አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ በአግድም ቆርጠን አለፍን። ከብቶቹ ሣሩን ይግጣሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ እናቴ በጨዋታው መሀል አልፋ ስትሄድ እንኳ ኳሱን አላየችውም። ክንዴን እስኪያመኝ ይዛኝ ነበር፤ እንደዚያ ስትይዘኝ የመጀመሪያዋ ነው።

መምህሩ ቤት ስንደርስ እኔን ውጭ፣ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። በሩ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ምሥጢር አይዝም።

"ያጥፉልኝ መምህር። በጌታ ስም ያጥፉልኝ።"

"እህት አለምነሽ፣ እስኪ ተቀመጪ። ነገሩ ምንድን ነው?"

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። የሰማሁት ቁርጥራጩን ነው። "…ከመኪናው ላይ ተቀብዬ…" አለች። "…ማንም ሳያይ…" አለች። ቆይታ ደግሞ "ወረቀት የላትም መምህር። ከየት አመጣሽ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ያስሩኛል" አለች።

"ሆላንድ ያለ ልጅ እኮ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም።"

"ሆላንድ ያለው ምን ገዶኝ። የምፈራው ቱርሚ ያለውን ነው። እነሱ በሕይወት መኖሯን ካወቁ…"

የመጨረሻውን አልሰማሁም፤ በጎረቤት አንድ አህያ ጮኸ። ቢሆንም የሰማሁት ለእኔ ከበቂ በላይ ነበር። ከመኪና ላይ። ማንም ሳያይ። ወረቀት የላትም። ያስሩኛል። እናቴ ኤልዳናን ሰርቃታለች። በርጩማው ላይ ተቀምጬ እጆቼን ጭኖቼ መሀል ቀበርኳቸው።

ዛሬ ሳስበው፣ ከበሩ በስተጀርባ ከሰማሁት አንዱም ውሸት አልነበረም። ቃሎቹ በሙሉ እውነት ናቸው፤ የገጣጠምኳቸው ግን እኔ ነበርኩ።

መምህር ኤርሳዶ ሲሸኙን እናቴን "ዓርብ በስካይፕ ስለምናገኛቸው ያን ጊዜ እናስጠፋዋለን" አሏት። እናቴ ዓርብን እንደ ምፅዓት ቀን ጠበቀችው። እኔም ጠበቅሁት። የማስጠፋው ፎቶ ብቻ ሳይሆን የእናቴ ወንጀል ማስረጃም ነው ብዬ አምን ነበር፤ ይህን ሳውቅ ደግሞ ዩኒፎርም ስትሰፋ ጎንበስ ያለ አንገቷን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣ ነበር። ሌባ ናት ብዬ ከወትሮው ይልቅ ወደድኳት።

ስካይፕ የምናደርገው ኢንተርኔት ባለው አንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ነው። ያን ዓርብ መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ ግቢው ውስጥ ይጮሃል። ሩፋኤል፣ እኔና መምህሩ ላፕቶፑ ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። ምስሉ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ የሆላንድ ልጆች ታዩ፤ ሁሉም እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከመሀላቸው ፌምከ የምትባለው፣ መልእክት የምትጽፍልኝ ልጅ፣ አንድ ነገር ከኋላዋ ደብቃ ትስቃለች።

እኔ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስሸመድድ ሰንብቻለሁ፦ እባካችሁ የእህቴን ፎቶ አውጡት። አልኩትም። ጄነሬተሩ ዋጠው። ደገምኩት። ፌምከ ጆሮዋን ወደ ፊት አስጠጋች፣ "እህትሽ" የሚለውን ብቻ ሰማች መሰለኝ ፊቷ በራ። ከኋላዋ የደበቀችውን ዘርግታ አሳየችን።

ካርታው ነው። የታተመ፣ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ። ነጥቦቹ አረንጓዴና ቀይና ቢጫ ሆነው ከኦሞ ወንዝ እስከ ጂንካ ተበትነዋል። ከሁሉም ነጥቦች ጋር ትንሽ ትንሽ ፎቶ ተያይዟል። የአንዷ ፎቶ ግን ትልቅ ነው፣ መሀል ላይ ነው፦ ኤልዳና፣ ፓምፑ አጠገብ፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ ቅንድቧ ለሁለት ተከፍሎ።

"ሁላችንም እሷን መረጥን" አለች ፌምከ፤ መምህሩ ተረጎሙልን። "ሳቋን ስለደበቀች።"

"መቼ ነው የምትልኩት?" ሲሉ ጠየቁ መምህር ኤርሳዶ።

ሌላ ልጅ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አቁሞ መለሰ። መምህሩ አልተረጎሙትም፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ፣ እኔም ገባኝ። ካርታው ተልኳል። አዲስ አበባን አልፎ ወደ እኛ በመምጣት ላይ ነው። መምህሩ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ እንዴት ብለው ያስረዱ? ምክንያቱን መናገር አይችሉም። ፌምከ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ዓይኖቿ ውሃ ሞሉ። ከዚያ ምስሉ እንደዚያው፣ በእንባዋ ላይ ደረቀ።

"ካርታው ግን ያምራል" አለ ሩፋኤል ስንወጣ። ልመታው ፈልጌ ነበር።

ካርታው ሲደርስ መምህር ኤርሳዶ የጂንካውን ራሳቸው አወረዱት። የካኮውንም ሰው ልከው አስወረዱ። የቱርሚው ግን ገና ሳይሰሙ በጭነት መኪና ሄዷል። ወደ ቱርሚ ቢደውሉ መስመር የለም። ደግመው ቢደውሉ የሚያነሳ የለም። በመጨረሻ አንዲት ነርስ አነሳች። መምህሩ ቤታችን መጥተው ለእናቴ ሲነግሯት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ።

"ተሰቅሎ ነበር። ሰኞ በገበያው ቀን ሰው ሲተራመስ ውሎ፣ ማታ ቢያዩት ግድግዳው ላይ የለም።"

"ወድቆ ይሆናላ" አለች እናቴ።

"አልወደቀም እህት አለምነሽ። ሰው ወስዶታል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልዳና ከቤት እንዳትወጣ ተከለከለች። መጋረጃው ተዘጋ። እናቴ የስፌት መኪናዋን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ከመንገዱ የመኪና ድምፅ በመጣ ቁጥር እግሯ ፔዳሉ ላይ ይቆማል። ጋሽ አንጁሎ ቤታችን መመላለስ ጀመሩ። ጋሽ አንጁሎ ድሮ በቱርሚ መስመር አይሱዙ የጭነት መኪና ይነዱ የነበሩ፣ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን ጂንካ ውስጥ ባጃጅ የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። ሐመርኛ እንደ አፍ መፍቻቸው ይናገራሉ።

"የወሰደችው እሷ ብትሆንስ?" ትላቸዋለች እናቴ።

"እሷ ከሆነች ደግ። እነሱ ከሆኑ ነው እንጂ።"

"እሷስ ብትሆን ምን ትፈልጋለች? ልውሰዳት ብትለኝስ?"

ጋሽ አንጁሎ ጸጉራቸውን ያካሉ፣ የተቀዳላቸውን ሻይ ሳይጨርሱ ይወጣሉ። "እነሱ" የሚሏቸው ፖሊሶች ናቸው ብዬ ደመደምኩ፤ "እሷ" ደግሞ ልጇ የተሰረቀባት ሴት። ለሩፋኤል ነገሩን ሳልነግር "ልጅ ይታሰራል?" ብዬ ጠየቅሁት። "ልጅ አይታሰርም፣ ይገረፋል" አለኝ። ስለዚህ ወሰንኩ፦ ከመጡ የሰረቅኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ኤልዳና ስትመጣ እኔ ገና ሕፃን እንደነበርኩ ማንም እንደሚቆጥር አልታየኝም።

ለኤልዳና ግን ምንም አልነገርናትም። ጉልበቷን አቅፋ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። "አቢ፣ ምን አጠፋሁ?" ትለኛለች። "ምንም" እላታለሁ። "ታዲያ ለምን ተዘጋብኝ?" እኔ ግን ጥርሷን እንድታሳየኝ እጠይቃታለሁ። ታች ሁለቱ አዲሶቹ ጥርሶቿ በቅለው ሰፋፊ ሆነዋል፤ ላይኛው ድዷ ገና ባዶ ነው። የላይኞቹ ሲወልቁ ቁራው አዲስ እንዲያመጣላት ቆርቆሮው ላይ የወረወርኩላት እኔ ነኝ፤ እሷ መውጣት ስለማትችል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ፓምፑ ዙሪያ ከብት እንዳይገባ ወገብ የሚደርስ የእንጨት አጥር አለው። ከአጥሩ ውጭ አንዲት የሐመር ሴት ቆማለች። ቀጭን ቀጭን የተገመደ ጸጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ አብረቅርቋል፣ ክንዶቿ ላይ የብረት አምባሮች ተደርድረዋል፣ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ታዝሏል። ውሃ አልያዘችም። በሁለት እጇ የዘረጋችው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ታያለች፣ ቀና ብላ ፓምፑን ታያለች፣ እንደገና ወረቀቱን ታያለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን የፓምፑን እጀታ፣ የአጥሩን አንድ የጎደለ እንጨት፣ ከበስተጀርባ ያለውን የዋርካ ዛፍ እየቆጠረች ከፎቶው ጋር ታመሳክራለች። ከቱርሚ እዚህ ድረስ የመጣችው እንደዚሁ ይሆናል፣ ያገኘችውን ሁሉ ፎቶውን እያሳየች።

ጀሪካኑን ጥዬ ቤት ሮጥኩና ስለ ሐመሯ ሴት ለእናቴ ነገርኳት።

"ካርታውን ይዛለች?" አለች እናቴ።

"ይዛለች።"

"ከእሷ ጋር ማን አለ?"

"ማንም። ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ።"

እናቴ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ለጋሽ አንጁሎ ደወለች። ኤልዳናን ፊቷን አጠበቻት፣ የበዓል ቀሚሷን አለበሰቻት። ቀሚሱ ገና ያልተጠናቀቀ ነበር፤ ጫፉ ሳይሰፋ እንዲሁ ለበሰችው። ልትሰጣት ነው ብዬ አሰብኩ። እንደ ዕቃ አጥባ፣ አስተካክላ ልትመልሳት ነው። የእናቴ ቀሚስ ላይ ተንጠለጠልኩ።

"እማዬ አትስጫት። የሰረቅኳት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።"

"ምን አልሽ?" ብላ አየችኝ፤ ግን የባጃጁ ድምፅ ከውጭ መጣ፣ ነገሬ በዚያው ቀረ።

ፓምፑ ጋ ስንደርስ የነበሩት ውሃ ቀጂዎች ወደ ጎን ገለል አሉ። እኛ ከአጥሩ ውስጥ ገባን፤ ሴትዮዋ ከውጭ ቆማለች። ኤልዳናን ስታይ አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። በአንድ ጣቷ የራሷን ቅንድብ ነካች፤ ኤልዳና ጠባሳ ባላት በኩል። ጋሽ አንጁሎ በሐመርኛ አናገሯት። ስትመልስ ድምጿ የደረቀ ነበር። እናቴ የኤልዳናን እጅ ይዛ ወደ አጥሩ ልታስጠጋት ስትል ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያን ጊዜ ጠላኋት። ልጅሽን ካገኘሽ ለምን ትሸሺያለሽ አልኩ በልቤ።

"አፏን ትክፈትልኝ ነው የምትለው" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

ኤልዳና አፏን በመዳፏ ሸፈነች። እናቴ እጇን ቀስ ብላ አወረደችላት። "ክፈቺ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።"

ኤልዳና ከፈተች። ሴትዮዋ በአጥሩ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካት፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። በቅዳሜ ገበያ አህያ የሚገዙ ሰዎች ጥርስ ሲያዩ አይቻለሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ድንገት ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና እዚያው ትቢያው ላይ ተቀመጠች። አንድ አጭር ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ቆንጆ ልጅ ናት አለች" አሉ ጋሽ አንጁሎ፤ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። አቧራ ገብቶባቸው ነው አልኩ።

ከዚያ ሴትዮዋ ጀርባዋ ላይ ያለውን የማዘያ ቆዳ ፈታች። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ደልደል ያለ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ። በአውራ ጣቷ የላይኛውን ከንፈሩን ከፍ አድርጋ ለእናቴ አሳየች። ሁለት የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጥርሶች ብቅ ብለዋል፣ ከላይ። ታች ምንም የለም። እናቴ "ጌታ ሆይ" አለች። ሴትዮዋ ሌላ ነገር ተናገረች፣ ጋሽ አንጁሎ አልተረጎሙትም፤ እናቴም አልጠየቀችም። እጆቿን ዘረጋች፣ ሕፃኑ በአጥሩ ላይ አለፈ።

ሴትዮዋ ካርታውን አጣጥፋ ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አላውቅም። በአውሮፕላኑ ሜዳ በኩል ሄደች። ያን ጊዜ ሳይረኑ ጮኸ፤ ትንሽ አውሮፕላን ልታርፍ ነው፣ ልጆቹ ከብቱን ያባርራሉ። ሁሉም ሲሮጥ እሷ ሳትሮጥ፣ ዞራ ሳታይ፣ ባዶውን ቆዳ በትከሻዋ ላይ አድርጋ ተሻገረች።

ያን ማታ ነገሩን ለራሴ እንዲህ ተረዳሁት፦ ሴትዮዋ ልጇን ልትወስድ መጣች፣ ጥርሷ ወላልቆ ስታያት አልፈልጋትም አለች፣ ስቃባትም ሄደች። ሕፃኑንስ ለምን ተወችው? ይህ ሊገባኝ አልቻለም። የገባኝ አሁን ቤታችን ውስጥ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ሁለት መሆናቸው ብቻ ነው። እናቴ ሕፃኑን ኤሊ ብላ ጠራችው። ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ስትሰፋ ትዘምራለች። ሁለት ሰርቃ እንዲህ የምትዘምር ሴት አይቼ አላውቅም ብዬ ተገረምኩ።

እውነቱን የነገሩኝ ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ፣ ባጃጃቸው ውስጥ። በዚያ አካባቢ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ሚንጊ ይባላል። በቤቱ ከቀረ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ያልቃል፣ ወንድም እህት ይሞታል ተብሎ ይፈራል፤ ስለዚህ ጫካ ይጣላል። ወላጆቹም ይህን የሚያደርጉት ከጥላቻ ሳይሆን የቀሩትን ልጆቻቸውን ሊያተርፉ ነው። ዛሬ ይህን የተዉ ብዙዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቻቸው ራሳቸው ቆመው ይቅር ብለው የተከራከሩበት ቦታም አለ። ያቺ ሴት ግን ያን ጊዜ ከማንም ጋር መከራከር አልቻለችም። ኤልዳናን ወደ ጫካ ይዛ ወጣች፣ በጫካው ማዶ መንገድ ላይ ወጥታ የመጣውን የመጀመሪያ መኪና አስቆመች። መኪናው የጋሽ አንጁሎ አይሱዙ ነበር። እናቴ የተቀበለቻት ከዚያ መኪና ላይ ነው። ልጅቷ ጫካ ውስጥ ቀረች ብሎ መንደሩ አመነ፤ የት ጣልሻት ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

"ያን ቀን ፓምፑ ጋ ምን ነበር ያለችው?" አልኳቸው።

"የታችኛው ቀድሟል ነው ያለችው።"

ባጃጁን ዳር አቁመው ነበር የሚያወሩኝ። መስኮቱን በጨርቅ ይወለውላሉ።

"ከአጥሩ ያልገባችው፣ ያልነካቻት፣ ቤት የቀሩት ልጆቿ ላይ ይመጣል ብላ ፈርታ ነው። እሷም ታምንበታለች እኮ፣ አቢ። እያስመሰለች አይደለም፣ ታምናለች። አዲሱ ጥርስ በደንቡ ከታች ሲጀምር ስታይ ግን… ሕፃኑን ስትሰጥ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ? 'የእሱም እስኪስተካከል ያዙልኝ' አለች።"

የዚያ ሁሉ ሳምንት ፍርሃቴ በአንድ ጊዜ ከእኔ ላይ ወረደ፤ በምትኩ ሌላ ነገር ተቀመጠብኝ፣ እስካሁን ስም አላወጣሁለትም። ኤሊ ሊጣል ሲል እናቱ የምታውቀው መኪና አልነበረም፤ አይሱዙው ከመስመሩ ከወጣ ቆይቷል። የነበራት አንድ የሆላንድ ልጆች የሠሩት ወረቀት ነው፣ መሀሉ ላይ እንዲያጠፉልን ስንለምን የከረምነው ፎቶ። ለውሃ በተሠራ ካርታ ላይ መንገዷን አገኘች። ይህን ለፌምከ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፤ ያን ጊዜ ለምን እንዳለቀሰች አሁን እንደገባት።

ለሁለቱም ልጆች ፍርድ ቤት ወረቀት አወጣላቸው። እናቴ አልታሰረችም። ኤሊ ሰባት ዓመት ሲሞላው የታችኞቹ ጥርሶቹ ወለቁ፣ አዲሶቹም ወጡ። ቀጥሎ የላይኞቹ ወለቁ። እናቴ በየጠዋቱ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች።

2013 ላይ መምህር ኤርሳዶ ካርታውን ለማደስ አዳዲስ ተማሪዎች ሰበሰቡ። እኔ ያን ጊዜ የውሃ ቴክኒክ ተማሪ ነበርኩ፤ በበጎ ፈቃድ አግዛቸው ነበር። የሰፈራችን ፓምፕ ተራ ሲደርስ ስልኬን ይዤ ቆምኩና ለቁመቱ የሚሆን ሰው ስፈልግ ዞር አልኩ። እናቴ ኤሊን እጁን ይዛ እየመጣች ነው። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳዋለች፣ ጸጉሩን አበጥራዋለች። ያኔ ለአንዲት ፎቶ ሜዳውን ቆርጣ የሮጠችው ሴት ዛሬ ራሷ መጣች።

ከፓምፑ ጎን አቆመችው። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈችለት። ኤሊ ሲያፍር እንደ እህቱ እጁን ወደ አፉ ሰደደ።

"እጅህን አውርድ" አለችው። "አፍህን ክፈት። የታችኛው በደንብ ይታይ።"

አነሳሁት። ፎቶው ካርታው መሀል ላይ፣ ከሁሉም ተለቅ ብሎ እንዲታተም ለመንኩ፤ ታተመ። ቱርሚ ያለው ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ እናቴ ማለዳ ተነስታ ኤልዳናንና ኤሊን አስከትላ ፓምፑ ጋ ሄደች። እየዘመረች ነው የሄደችው።

ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ በሜዳው በኩል መጣች። ጸጉሯ ላይ ሽበት ገብቷል። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ሁለቱን ልጆች አየች፤ ከዚያ የአጥሩን በር በገዛ እጇ ከፍታ ገባች።